ከአባቴ ተረከዝ ሥር

የተከራየኋት ክፍል በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ መጀመሪያ የሚያርፈው አንድ ቁራጭ ምንጣፍ ላይ ነው። ቀይ ነበር፤ አሁን ቀለሙ ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል። ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤዋለሁ፤ ናፍጣው ግን አልለቀቀም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ስታሞቀው ሽታው ይነሳል። ያኔ የማጠናውን እረሳና ራሴን የአባቴ መኪና ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ አገኘዋለሁ።

አባቴ ከኮምቦልቻ ወደ ሀርጌሳ ያመጣን እኔ ገና አፍ ሳልፈታ ነው። አንድ አሮጌ የናፍጣ ፎር ዊል ነበረችው። የውሃ ጉድጓድ ለሚያስቆፍር ቢሮ ከነመኪናው ተቀጥሮ ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ያመላልስ ነበር። መኪናዋ ከሄደች ሥራ አለ፤ ከቆመች የለም። ይህን እቤታችን ውስጥ ማንም ባይናገረውም ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ነው የምላችሁ ነገር የሆነው። የአባቴ ተረከዝ በሙቀቱና በአቧራው ተሰነጣጥቆ ነበር። ማታ ማታ በቫዝሊን እያሸ ያማርራል። እኔም ከአንድ ምንጣፍ ቤት ትርፍራፊ ለምኜ፣ ለተረከዙ እንዲለሰልስ ብዬ ሁለት እጥፍ አድርጌ፣ በእናቴ ማሽን ዙሪያውን ሰፍቼ ለዒድ ሰጠሁት። ከመሪው ሥር አነጠፈውና ሸበጡን አውልቆ በባዶ እግሩ ነዳ። እንዲህ ያለ መኪና ሀርጌሳ ውስጥ ማን አለው እያለ ቀኑን ሙሉ ሲኩራራ ዋለ።

በዚያው ሳምንት ገጠር ላይ ነዳጅ አልቆበት ከመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ቀድቶ ነበር። ስለዚህ መኪናዋ ጉልበት ስታጣ ሁላችንም ያማነው ናፍጣውን ነው።

ሕመሟ ግራ የሚያጋባ ነበር። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ወደ ከተማው ድልድይ ቁልቁል ወርደን ጅግጅጋ ያር ወደሚባለው ሰፈር ሽቅብ ስንጀምር ግን ድምጿ ይዳከማል፣ ማርሽ ቢቀየርም አትሰማም፣ ባጃጆች እየቀደሙን ያልፋሉ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ በሶማልኛ ገመድ ካላችሁ ልጎትታችሁ አለን። አባቴ ሶማልኛው ጥሩ ስለሆነ ሰማው፤ ባይሰማው ይሻል ነበር። ዳር ይዞ ያቆማል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያያል፣ ይዘጋል፣ የእግሩን አቧራ ያራግፋል፣ ምንጣፉን ያራግፋል፣ ቢስሚላህ ብሎ ይገባል። መኪናዋም ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ሽቅቡን ትበረዋለች። በማግስቱ ደግሞ ያው ነው።

መካኒኩ ድሬዳዋ ያደገ የሀርጌሳ ሰው ነበር፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። የሚሠራው በቆርቆሮ በታጠረ ባዶ ቦታ ላይ ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን ቀየረ። የአየር ማጣሪያውን ቀየረ። የነዳጅ ታንኩን አውርዶ አጠበ። የቱርቦውን ቱቦዎች አንድ በአንድ ፈታ፣ አሰረ። በየጊዜው ለሙከራ ራሱ ይነዳታል፤ እኛ አጥሩ ሥር ሆነን እንጠብቃለን። ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ ምንጣፉን አውጥቶ አጥሩ ላይ ይሰቅለዋል። የልጅ ስጦታ በዘይት ጫማ አይረገጥም ይል ነበር። ከዚያ ሽቅቡን ወጥቶ ወርዶ እየሳቀ ይመለሳል።

«ወላሂ ምንም የላትም። አንተ ነህ የሰለቸሃት።»

አባቴ አይስቅም። በሦስተኛው ሳምንት ሰላምታ እንኳ ማሳጠር ጀምሮ ነበር።

እኔ ለመርዳት ብዬ ደብተር ያዝኩ። ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ስንት ሰው እንደተጫነ፣ ናፍጣው የት እንደተቀዳ፣ ማን እንደነዳ፣ ሁሉንም በሠንጠረዥ እጽፋለሁ። መካኒኩ «ጸሐፊዋ» እያለ ይጠራኝ ነበር። አባቴ ግን ደብተሩን ሲያይ ይብስበታል። አንድ ቀን ሽቅቡ መሃል ቆመን ሰዓት ስጠይቀው፣ «ዝጊውና ዝም በይ» አለኝ። ዘጋሁት። ጉልበቴ ሥር አድርጌ መጻፌን ግን አልተውኩም።

ከዚያ የቢሮው ኃላፊ ቅዳሜ ራሱ እንግዶች ይዞ በእኛ መኪና ወደ ሩቅ ገጠር እንደሚሄድ ተናገረ። መኪናዋ መንገድ ላይ ከቆመች በሷ ፈንታ ሌላ እንደሚቀጥሩም ለአባቴ ጨምሮ ነገረው። አባቴ ይህን ለእናቴ ሲነግራት ድምፁ ረጋ ያለ ነበር፤ ያ ከቁጣው ይልቅ አስፈራኝ።

ሐሙስ ዕለት አባቴ መካኒኩን ጎኑ አስቀምጦ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣን። እኔ ከኋላ ነኝ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሚኒባስ ገባብን፤ አባቴ ፍሬን ያዘ። ተሻገርን፣ ሽቅቡን ጀመርን፣ ደከመች።

«ነዳጅ ስጣት እንጂ!» አለ መካኒኩ።

«እስከ መጨረሻ ረግጫለሁ! ምን ላድርግ፣ በሌላው እግሬም ልርገጥ?»

ከኋላችን ጡሩንባው አደነቆረን። መካኒኩ እኔ ልያዛት ብሎ ዞሮ መጣ። እንደ ልማዱ ምንጣፉን አወጣ፤ እዚያ አጥር ስለሌለ በመስኮት ለእኔ አቀበለኝ። መኪናዋ በረረች። አባቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

ምንጣፉ ደብተሬ ላይ ነበር። የፊት ጫፉ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ተጣጥፏል፤ በሽንሽኑ አናት ላይ የነዳጅ መስጫው ፔዳል ቅርጽ ታትሟል፤ አብረቅርቆ፣ ጥርት ብሎ። ከሥሩ ሠንጠረዤ ነበር። ጉልበት ባጣችበት መስመር ሁሉ «አባዬ ሲነዳ» ይላል፤ መካኒኩ በነዳበት መስመር ሁሉ ደህና ናት።

ሁለት መንገድ እስክናልፍ ዝም አልኩ። ይህን ለምን እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ግን ዝም ብያለሁ። ስጦታዬ ነበር። ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነበር።

«አባዬ፣ ሞተሩ አይደለም። ምንጣፉ ነው።»

መካኒኩ ዳር ይዞ አቆመ። አባቴ ወርዶ ምንጣፉን ከእጄ ወሰደና፣ መካኒኩ እግሩን ሲያነሳለት፣ በሾፌሩ በር በኩል ቦታው ላይ አነጠፈው። ፍሬን ሲይዝ እግሩ እንደሚገፋው ወደ ፊት ገፋው፤ ታጠፈ። ፔዳሉን በእጁ ተጫነው። ግማሽ መንገድ ላይ፣ እጥፋቱ ላይ ቆመ። ምንጣፉን ጎትቶ አቃናው፤ ፔዳሉ እስከ ታች ወረደ። እንደገና ሞከረው። ሦስተኛም።

መካኒኩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። «ሦስት ሳምንት ሆዷን ስቀድ ከረምኩ» አለ። «ጸሐፊዋ፣ ከነገ ጀምሮ አንቺ ጠግኚ፤ እኔ ሻይ እሸጣለሁ።»

አባቴ ሳይስቅ ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ያህል አወፍሪው ማን አለሽ?»

ተረከዝህን ስለሚያምህ ነው አልኩት።

ቅዳሜ ሄደው በሰላም ተመለሱ፤ ሥራውም ቀጠለ። እሁድ ጠዋት ግን ግቢያችን ውስጥ የቀይ ምንጣፍ ብናኝና ቢላ አየሁ። ቆራርጦ ጣለው ብዬ አሰብኩ። አልጠየቅሁትም። ከዚያ በኋላ እዚያች መኪና ውስጥ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ወደ እግሩ ግን አይቼ አላውቅም።

ዘንድሮ ዓይኑ ሲደክም መኪናዋን ሸጠና ከእናቴ ጋር ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስለገባሁ ቀረሁ። ሊሄዱ ሲሉ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። «ለክፍልሽ» አለኝ።

ከዚያ ቀይ ምንጣፍ የተረፈው ግማሽ ነበር። ፔዳሉ ሥር የሚገባውን ቆርጦ፣ ተረከዙ የሚያርፍበትን አስቀርቶታል። እንዳይንሸራተት ከወንበሩ ሥር በሽቦ ያሰረበት ቀዳዳ በሁለቱ ማዕዘን አለ። የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይተረተር በሸራ መስፊያ ክር በእጁ ሰፍቶታል፤ ስፌቱ ትልልቅ ነው፣ መሃል ላይ ተጣሞ እንደገና ይቃናል። እናቴን ብጠይቃት መርፌ ሲይዝ አይታው እንደማታውቅ ነገረችኝ።

መሃሉ ላይ ተረከዙ የበላው ጎድጓዳ አለ። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ ተረከዜን እዚያ ላይ አሳርፈዋለሁ። አይሞላውም።