ያለ ሦስተኛ ሰርተፍኬት አይሆንም አሉኝ

ትናንት ጠዋት ሚዛን መናኸሪያ አጠገብ ያለ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ በንዴት ጦፌ አንድ ወረቀት ፕሪንት አስደረግሁ። አሁን ይህን ስጽፍ ራሱ ንዴቱ አልለቀቀኝም...

የምሠራው የቡና ገበሬዎችን የሚደግፍ ፕሮጀክት ላይ ነው። በሼኮና በቴፒ በኩል የቡና ማድረቂያ አልጋ እናሠራለን፣ ቀይ እሸቱን ብቻ ለይተው እንዲለቅሙ ገበሬዎቹን እናሰለጥናለን። አስተባባሪ ከሆንኩ ሰባት ዓመቴ ነው። በዚያ ጭቃ ሞተር ላይ ተፈናጥጬ ያልደረስኩበት ቀበሌ የለም። የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፍኬትም ሁለት አለኝ፤ አንዱን በርቀት ተምሬ፣ አንዱን ጅማ ተመላልሼ።

በቅርቡ የሥራ አስኪያጅነቱ ቦታ ክፍት ሆነ። አለቃዬ አቶ ግዛው ወደ ዋናው ቢሮ ሊዛወሩ ነው፤ የሚተካቸውን ሰው የሚያቀርቡት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ቢሮአቸው ገብቼ መወዳደር እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ሰናይት፣ ሥራሽን ማንም አይክድም» አሉኝ ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው። «ግን እኔ አምና የወሰድኩት ሦስተኛው ሰርተፍኬት የለሽም። ያለሱ አይሆንም።»

«አቶ ግዛው፣ ስልጠናው እኮ አዲስ አበባ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ! ልጄ ገና አሥር ወሩ ነው...»

«እኔስ ቤተሰብ የለኝም? ላቤን አንጠፍጥፌ ነው ያገኘሁት!» ብለው በፍሬም የሰቀሉትን ሰርተፍኬት በጣታቸው አሳዩኝ።

ባለቤቴ በላይ አማን ከተማ ውስጥ መምህር ነው። ስነግረው «ሁለቱ ምን ፈየዱልሽና ነው ሦስተኛው የሚፈይድልሽ?» አለኝ። ተጣላን። እኔ ግን ቦታውን እፈልገዋለሁ፣ ምን አስዋሸኝ! ሰባት ዓመት ሙሉ ከላይ የሚላክ አለቃ ሳለማምድ ኖሬያለሁ። አቶ ግዛውም ሲመጡ ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው ጋር አንድ አልጋ ላይ ሊያሰጡ ሲሉ በስንት ልመና ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።

እናም ለመሄድ ቆረጥኩ። ልጄን ጡት ማስጣል ጀመርኩ... ሬት ተቀባሁ። አንዴ ቀምሶ፣ ፊቱን አጨማዶ፣ ምን አደረግኩሽ በሚል ዓይን ሲያየኝ... እናቶች ታውቁታላችሁ። ሦስት ቀን እሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን፣ ትናንት ማለት ነው፣ ምዝገባዬን ልጨርስ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ማሰልጠኛው ለአመልካቾች ኢሜል ልኳል። «አምና ከፍተኛ ውጤት ያገኘ የማጠቃለያ ሥራ ነው፤ ለናሙና ያህል ይመልከቱት» ይላል። ስከፍተው የአቶ ግዛው ስም!

መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ሞኝ አይደለሁ! የእኛ ሰው ጎበዝ ኖሯል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የሼኮ አልጋዎች አሉ። ቀበሌው ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ለቀማ ስለሚቆም በየወሩ ሦስት የመጠባበቂያ ቀን ይያዝ የሚለውም አለ። ቆይ እንጂ... ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ! አምና «ለረጂዎች የሚላክ ዕቅድ ነው፣ ቶሎ አድርሺልኝ» ብለው፣ እግሬ አባብጦ ጫማ እምቢ ባለኝ ጊዜ ያስጻፉኝ ዕቅድ ነው። ከስሜ በቀር አንዲት ነገር አልነኩም።

አንዲት ነገር አልነኩም ስላችሁ የምሬን ነው። ገጽ አሥራ ሁለት፣ ፕሮጀክቱን ሊያሰናክሉ የሚችሉ ነገሮች የሚዘረዘሩበት ሰንጠረዥ ላይ እንዲህ ይላል... «የወሊድ ፈቃዴ ከለቀማው ወቅት ጋር ስለሚገጣጠም፣ የገበሬዎቹን ስልጠና ከመውለዴ በፊት አጠናቅቃለሁ።»

አቶ ግዛው! ያ ሪዛም ሰውዬ! ከመውለዳቸው በፊት!

ጎኑ ላይ ደግሞ አራሚው በቀይ «በጣም ጥሩ ጥንቃቄ!» ብሎበታል።

ወይ ጉድ! ጻፍኩ ያለው አላነበበው፣ አረምኩ ያለው አላነበበው... ሰርተፍኬቱ ግን በፍሬም ተሰቅሏል። እኔ ለዚህ ብዬ ነው ልጄን ሬት ያላስኩት! እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ የንዴት እንባ።

በባጃጅ ከንፌ ቢሮ ደረስኩ። የሰኞ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሁሉም ሠራተኛ አለ። ወረቀቱን አቶ ግዛው ፊት አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ሥራ ነው። ገጽ አሥራ ሁለትን ጮክ ብለው ያንብቡልን።»

መነጽራቸውን አደረጉና ማንበብ ጀመሩ። «የወሊድ ፈቃዴ...» ብለው ቀጥ አሉ። ገንዘብ ያዧ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይሄ... ይሄ የቡድን ሥራ ነው እኮ ሰናይት። የአንቺ የእኔ ምን ያባብላል?»

«ጥሩ! የቡድን ከሆነ ሰርተፍኬቱም የቡድን ነው። እኔም ሦስተኛው አለኝ ማለት ነው። ይኸው ማመልከቻዬ፣ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልኝ።»

«በኋላ ቢሮዬ ነይና...»

«አሁን! እዚሁ!»

አቶ ግዛው ግራ ቀኝ አዩ፤ የሚያግዛቸው ሰው ሲያጡ ፈረሙ። ግልባጬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«አዲስ አበባ አልሄድም» አልኳቸው። «አሁን የምሄደው ልጄን ላጠባ ነው።» በሩ ጋ ስደርስ ግን አላስችል አለኝና ዞር አልኩ።

«እንኳን ማርያም ማረችዎት፣ አቶ ግዛው!»

ቦታውን ማን እንደሚያገኝ ገና አልታወቀም... ማን እንደወለደ ግን ሚዛን ሙሉ አውቋል።