የናዚፋ ንስር

ናዚፋ ቡሬ ገበያ ላይ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ልቧ ግን ሰማይ ላይ ነው። ወፍ ሲያልፍ ካየች ደንበኛዋን ከነመለኪያው ትታ ስልኳን ይዛ ትወጣለች። በ2007 ዓ.ም.፣ ኢንተርኔቱ መጣ ሲሉት በሚጠፋበት ጊዜ፣ ፌስቡክ ላይ «የጎጃም ወፎች» የሚል ቡድን ከፈተች። ከሊበን እስከ ግሽ ዓባይ ያለ ወፍ ወዳድ ሁሉ ተሰበሰበላት።

አንድ ቀን ፍኖተ ሰላም ቄራ አጠገብ ያነሳችውን ፎቶ ለጠፈች። «ንስር አገኘሁ!» ብላ።

ክንዱ የሚባል የዱርቤቴ ሚኒባስ ሾፌር ወዲያው ጻፈ፦ «ይሄ ጭላት ነው! ዓይንሽን ታከሚ። ጨርቅሽን ብትለኪ ይሻልሻል።»

ቡድኑ ተናጠ። ገሚሱ ክንዱን ሰደበ፣ ገሚሱ እሷን። ናዚፋ ፊቷ ጋለ፤ የሚያቃጥል መልስ ጽፋ ልትልክ ስትል ባሏ ሰዓድ አየባት።

«ተይ እንጂ ናዚፋ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ተነፈሰችና አጠፋችው። በምትኩ፦ «ወንድሜ ክንዱ፣ ጭላት ያሰኘህ ምኑ ነው? ቅዳሜ እዚያው እንገናኝና ዓይን ይፍረድ። እስከዚያ ግን ሙግቱ ስለ ወፉ ይሁን፤ ሰው የሰደበ ከቡድኑ ይወጣል፤ ለእኔ ያገዘም ቢሆን» ብላ ጻፈች።

ቅዳሜ ብዙ ሰው መጣ። ክንዱ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ በእጁ ወፉን ማባበያ ቁራጭ ሥጋ ይዟል።

«ጅራቱን ይዩልኝ እትዬ፤ እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ነው» እያለ እጁን ሰማይ ላይ ወደሚያንዣብበው ወፍ ሲቀስር፣ ከላይ አንዳች ነገር ተወረወረ። ሥጋው የለም! ክንዱ «ኧረ እጄን!» ብሎ ተቀመጠ። ወፉ ከአናታቸው በላይ ሲዞር ፎቶው ላይ ያለው ጅራት ቁልጭ ብሎ ታየ፤ መንሽ ራሱ!

«ጭላት ነው! ጭላት ነው! ክንዱ ረታኝ!» ናዚፋ እንደ ልጅ ዘለለች። እዚያው ቆማ በቡድኑ ላይ ስህተቷን አወጀች።

«ያን ዕለት ባለጌ ሆኜብዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ ክንዱ፣ የተቧጨረ ጣቱን እየጠባ።

«ይቅር ለአላህ። ይልቅ ቡድኑን አብረኸኝ ምራው።»

እሺ አለ። በሳምንቱ ከግሽ ዓባይ የመጣ የወፍ ፎቶ እንደገና አሟገታቸው። ክንዱ «እትዬ፣ በአክብሮት፣ ተሳስተዋል» ብሎ ሲጽፍ፣ ናዚፋ ሱቋ ውስጥ እየሳቀች መልሷን ጀመረች፦ «ወንድም ዓለም፣ ክንፉን ደግመህ እየው!»