የሰሌዳው ቀኝ ወገን

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ የደበቅሁት ረስቼው አይደለም፤ በዚያው ሥራዬ ስለመረቁኝ ነው።

እዚህ ስዊድን፣ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር፣ ከባቡሩ መስመር መጨረሻ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ሼላሬ በምንለው ምድር ቤት አንዲት ክፍል ነበረችን። ቅዳሜ ቅዳሜ የኛን ሰዎች ልጆች፣ የአውቶቡስ ነጂውንም የጽዳት ሠራተኛዋንም ልጆች፣ ፊደል አስቆጥርባት ነበር። እሁድ ደግሞ ክፍሏ የያኮብ ናት። ያኮብ ጡረታ የወጡ አይሁዳዊ ናቸው። አባታቸው ከፖላንድ የመጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እሳቸውም ያደጉት የሠራተኛ ልጆች ማታ ማታ ዪዲሽ የተባለውን የአይሁድ ቋንቋ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። ያ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። እሳቸው ግን የልጅ ልጃቸውን ሚራንና ጥቂት ጓደኞቿን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። «አባቴ ያሳደገኝን ቋንቋ የሚሰማ አንድ ሰው ሳላስቀር አልሞትም» ይሉኝ ነበር። በስዊድን አገር ሁሉም አንተ ነው፤ እኔ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ማለቴ ምን ጠቀማቸው?

ሰሌዳው ለሁለታችንም አንድ ነበር። የኛ ጽሑፍ ከግራ ይጀምራል፣ የነሱ ከቀኝ። ያኮብ መሐሉን በጠመኔ አሰመሩና ማንም የማንንም እንዳያጠፋ ተስማማን። ቅዳሜ ስገባ በቀኝ በኩል አዲስ ትምህርት ተጽፎ አገኛለሁ፤ ልጆቼም «ከኋላ ነው እንዴ የሚጀምሩት?» እያሉ ይስቃሉ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፣ እሁድ እሁድ እንደሚያስተምሩ አውቅ ነበር።

የኛ ልጆች በዙ። ከቅዳሴ በኋላ እሁድ ከሰዓትም ላስተምር አማረኝ። የቤቶቹ ኩባንያ ሠራተኛ ሥራ የፈቱ ክፍሎችን ልትለይ እንደምትመጣ ስሰማ፣ ጠዋት ቀድሜያት ገባሁ። ዳስተሩን አነሳሁና የቀኙን ወገን ጠረግሁ። ማን አዘዘኝ? ማንም። እኔው ነኝ የጠረግሁት። ሴትዮዋ መጥታ እሁድ የሚገባ ሰው እንዳለ ስትጠይቀኝ፣ «እሁድ ማንንም አይቼ አላውቅም» አልኳት። እውነት ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፤ ማንን አያለሁ? ያስቀደስኩበትን ሰዓት ለውሸቴ መሸፈኛ አደረግሁት። ያን ዕለት በብልጠቴ ኮርቼ ነበር፤ ይህንንም መናገር አለብኝ። የነፍስ አባቴ የመረቁኝ ክፍሏን ስላስገኘሁ ነው።

ቁልፉ ሲቀየርባቸው ያኮብ ደወሉልኝ። አልተቆጡም።

«አንተ ጽሑፋችንን በየሳምንቱ ታያለህ። ለሴትዮዋ አንድ ቃል መስክርልን» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው።

የኛን እሺ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው፤ እሺ ብሎ መቅረት ግን እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። ያኮብ ይህን ከየት ያውቁታል? አመኑኝ። እኔም አልመሰከርኩም።

ሌላ ክፍል አላገኙም። ልጆቹ ተበተኑ፤ ሚራም ጓደኞቿ ሲቀሩባት ብቻዬን አልማርም አለች። የኛ ልጆች ደግሞ እሁድ እግር ኳስ ነበራቸው። ያን ያህል የጎመጀሁላት ክፍል እሁድ እሁድ ባዶዋን ትውል ጀመር።

ከዓመታት በኋላ ባቡር ውስጥ አንዲት ወጣት አወቀችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ሚራ ናት። አያቷ ሞተዋል። በመጨረሻው ሰሞን ስዊድንኛው ከአእምሯቸው ጠፍቶ ዪዲሽ ብቻ ይናገሩ ነበር አለችኝ።

«ቀኑን ሙሉ ያወራኝ ነበር፤ አንዷም ቃል አትገባኝም። እጁን ይዤ እቀመጥ ነበር» አለች።

ሮግስቬድ ጣቢያ ስንደርስ ልትወርድ ተነሳች።

«ሳይታመም በፊት ስላንተ ያወራ ነበር። ያ ኢትዮጵያዊ መስክሮልን ነበር፣ አልሰሙትም እንጂ ይል ነበር። አመሰግናለሁ።»

መናገር እችል ነበር። በሩ ገና አልተዘጋም፤ ተከትያት ብወርድስ ማን ከለከለኝ? እኔ ግን «ምንም አይደል» አልኳት።

ይቅር በሉኝ ለማለት ፊት የለኝም። ሰሌዳውን የጠረግሁት እኔ ነኝ፤ እሺ ብዬ የቀረሁትም እኔ ነኝ፤ ምስጋናውንም ተቀብያለሁ።