የኦጉቱ እናት ጥርስ

ቪቪ የሰው ፊት ስላ ስትጨርስ ትተፋለች። ጎንበስ ብላ፣ በመኪናው ጎማዎች መካከል፣ ቱፍ። የቀለሙ ሽታ የከበዳት ይመስላል፤ አይደለም። የምትጠየፈው ፊቶቹን ነው።

ናይሮቢ ወንዝ ዳር፣ ውሃው እንደ ተቃጠለ ዘይት በሚሸትበት ጋራዥ፣ በማታቱ ታክሲዎች ጀርባ ላይ የሰው ፊት ትስላለች። የኳስ ተጫዋች፣ የዘፋኝ፣ የሰባኪ። ሁሉም አንድ ናቸው፤ ቆዳቸው የነጣ፣ ጥርሳቸው እንደ ሸክላ ሰሃን የሚያብለጨልጭ። ባለ መኪኖቹ እንዲህ ይወዳሉ። እሷም ፊቷን በክሬም አንጥታ፣ ለጠየቃት ሁሉ የሞምባሳ ልጅ ነኝ ትላለች። እናቷ ያወጣችላት ስም አዎር ነው፤ አገሯም ሐይቅ ዳር፣ በሉኦ ሕዝብ ምድር፣ ሆማ ቤይ። ይህን ጋራዡ አያውቅም። ሴት ልጅ መሰላል ላይ የሚያወጣ ሌላ ጋራዥ ደግሞ የለም።

አንድ ቀን ኦጉቱ የሚባል ባለ ማታቱ በመኪናው ጀርባ እንድትስልለት የሟች እናቱን ፎቶ ይዞ መጣ። አሮጊቷ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። የታችኛው የፊት ጥርሳቸው የለም፤ በእሳቸው ዘመን ሉኦዎች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ያስነቅሉት ነበር።

«እዚህ ጋ ሙዪልኝ» አለ ኦጉቱ በስዋሂሊ፣ ድዳቸውን በጥፍሩ እየነካ። «ከተማው ሁሉ ይስቅብኛል።»

«ማን የእናትህን ጥርስ ይቆጥራል፣ ጋሼ?» አለ የመኪናው ወያላ ንጆጉ።

«አንተ የራስህን ቁጠር!»

ቪቪ አሮጊቷን ሳለች፤ ጥርሱንም ሞላችው። ከመሰላሉ ወርዳ ስታየው ተፋች። ሳቁ ጠፍቷል። የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ በአንዲት እናት ፊት ላይ ተለጥፎ ያገጥጣል። አጠገቡ ባለው የመስኮት መስታወት ላይ የራሷ ፊት ይታያል፤ ጉንጯ እንደ ተላጠ ድንች ነጥቶ፣ አንገቷ ጠይም። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስጠላ አላወቀችም።

ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክራ ጥርሶቹን ጠረገች። በባዶው ቦታ ጨለማ ቀባች፤ ከጨለማው ውስጥ ትንሽ ምላስ። ሳቁ ድንገት ሲመለስ ደንግጣ ብሩሹን ጣለች። እንዲህ የሚስቅ ሰው ስላ አታውቅም ነበር።

ኦጉቱ መጥቶ አየ። «ጥርሱስ?»

«እናቶቻችን እንዲህ ነው የሚስቁት፣ ጋሼ» አለችው፣ በሉኦኛ።

«ኧረ የሞምባሳዋ!» ብሎ ንጆጉ አፏጨ።

ኦጉቱ ዓይኑን አፈጠጠ። «አንቺም የእኛ ነሽ?»

«አዎር እባላለሁ። የሆማ ቤይ ልጅ ነኝ።»

«የእኛ ልጅ ሆነሽ ነው በአደባባይ የምታዋርጂኝ? መልሺው! አለዚያ ከዚህ ጋራዥ አስባርርሻለሁ!»

«አልመልሰውም።»

ኦጉቱ ብሩሹን ከመሬት አነሳ፤ ነጭ ቀለም ውስጥ ዘፍቆ የእናቱን አፍ ለቀለቀው። ቀለሙ በአገጫቸው ላይ እንደ እርጎ ተንጠባጠበ።

«አሁን ገና አማሩ!» አለ ንጆጉ። «ወተት ሲሰርቁ የተያዙ ነው የሚመስሉት።»

ኦጉቱ ሊመታው ዞረ። አዎር አልሳቀችም። የቀሩትን ብሩሾቿን በጨርቅ ጠቀለለች። በሩ ላይ የተኛውን ጥቁር ጭቃ ዘለለች፤ ከሥራ በሚወጣው ሰው መካከል ገብታ ወደ ድልድዩ ሄደች።