የሙክቱ ጆሮ

መምህር ምንተስኖት ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ግድም ሞላሌ ውስጥ ዲጂታል ካሜራ ከነበራቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበር። ለፎቶ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ያነሳውን ኮምፒውተር ላይ ይጭናል፣ የደበዘዘውን ያጠፋል፣ የተንጋደደውን ያቀናል፣ ትርፉን ከዳር ይቆርጣል፣ ብርሃኑን ያስተካክላል፤ ዋናውን ግን ሳይነካ ካሜራው ውስጥ ያኖራል።

ወይዘሮ ተሾመችን ለገበያ ካወጡት ሙክት ጋር ያነሳቸው ጊዜም እንዲሁ አደረገ። ሙክቱ ፊቱን ወደ ቀኝ ቢመልስ ያምራል ብሎ ግን ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ እንደ መስታወት ግራውን ወደ ቀኝ አዞረው። አሳጥቦ ሰጣቸውና ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሙክቱ ገዢ አጥቶ ተመለሰ፤ ለፋሲካ ታረደ።

በማርያም ማኅበር ቀን ጎረቤታቸው አቶ አፈወርቅ ከፎቶው ሥር ተቀመጡ። ባገሩ በግ የሚለየው በጆሮው ነው፤ የተሾመች ቤት የግራውን ጫፍ ይቆርጣል፣ የአፈወርቅ ቤት የቀኙን። አቶ አፈወርቅ ደግሞ በሁዳዴ አንድ ሙክት ጠፍቷቸዋል።

«ተሾመች፣ ይኼ የበላሽው ሙክት ቀኝ ጆሮውን ምን ነካው?»

ወይዘሮ ተሾመች ቀና ብለው አዩ። የተቆረጠው ቀኙ ነው። አቶ አፈወርቅ ነገሩን ለሽማግሌ አቀረቡ።

ወሬው ምንተስኖት ዘንድ ሲደርስ ክው አለ። ያዞረው መሆኑን ራሱም ተጠራጠረና ዋናውን ፎቶ ካሜራው ውስጥ ፈልጎ አገኘ። ካሜራውን ይዞ ሽማግሌ ፊት ቀረበ።

«ጋሼ፣ ያዞርሁት እኔ ነኝ። ዋናው ይኸው፤ የተቆረጠው ግራው ነው።»

«ያኔ ማዞር ከቻልህ፣ ዛሬ መልሰህ አለማዞርህን በምን ልወቅ?» አሉ አቶ አፈወርቅ። «ለመሆኑ ስንት ጎድን አበላችህ?»

ሰው ሳቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን፣ ካሜራውን ዓይናቸው ድረስ አስጠጉት። ከሙክቱ ጀርባ የወፍጮ ቤቱ ማስታወቂያ ይታያል፤ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ግን ምንተስኖት ትርፍ ነው ብሎ ቆርጦታል።

«በጉ ቢዞር ፊደሉም አብሮ ይዞር ነበር። ይኼ ቀጥ ብሎ ይነበባል» አሉ።

«ፊደሉን ለብቻው አቃንቶት እንደሆነስ?» አሉ አቶ አፈወርቅ።

ሽማግሌዎቹ ግን አቶ አፈወርቅ ይቅርታ ይጠይቁ አሉ። ጠየቁም፤ ዓይናቸው ከካሜራው ሳይነሳ።

ምንተስኖት ወይዘሮ ተሾመችን ተከትሎ ወጣ። «እትዬ፣ ይማሩኝ። ለማሳመር ብዬ ነው።»

ነጠላቸውን አጣፉና ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አፈወርቅ ሙክት ጠፍቶበት ነው የጠረጠረኝ። አንተ ምን ጠፍቶህ ነው በጌን ያዞርኸው?»