ጫሞ ላይ ያሰርኩት ቋጠሮ

አንድ ሸራ፣ አርባ ሜትር ገመድ እና አንድ ጥንድ ጫማ። ጫሞ ሐይቅ ላይ ስለደረሰብኝ ነገር ሰው ሲጠይቀኝ ኪሳራዬን የምዘረዝረው እንዲህ ነበር። ጫማው አዲስ እንደነበረ መጨመርም አልረሳም።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ቁጭ ብዬ ማንጎ ስልጥ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ፈረንጆች ናቸው። እግራቸውን ሳንቃ ላይ አስረው፣ ሰማይ ላይ በተወጠረ ትልቅ ጨርቅ እየተጎተቱ ባሕር ላይ ይንሸራተታሉ። ሁሉም ደረታቸው ላይ አንዲት ቀይ መያዣ አለች።

«ይቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት?» አልኳት።

«ነፋሱ ከአቅም በላይ ሲሆን እሷን ይስባሉ፤ ጨርቁ ይለቃቸዋል። ውሃ ከመግባታቸው በፊት ደግሞ ራሳቸው ይፈትሿታል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው አባዬ፣ ማንጎው ተበላሽቷል እንዴ?»

ማንጎው ደህና ነበር። የቆመው እጄ ነው።

ጊዜው የሚሊኒየሙ ሰሞን ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ ሸራና ገመድ እሸጣለሁ። አባቴ የጨንቻ ሸማኔ ነበር። እኔ ግን እንደሱ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ ሳመላልስ መዋል አልሆነልኝም። ከእሱ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው፤ ጨርቅ በጣት ዳስሶ ማወቅና የተበጠሰ ክር መቀጠል። የሸማኔ ቋጠሮ ትንሽና ጠፍጣፋ ነው፤ በሳቡት ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።

ሚኪያስ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምህንድስና ይማር ነበር። ገመድ ሊገዛ መጥቶ ግማሽ ቀን አወራኝ።

«አቦ እናንተ ሰዎች፣ ዓሣ አስጋሪው እጁ እስኪላጥ ይቀዝፋል፤ ነፋሱ በላዩ ላይ በነፃ ያልፋል» አለኝ።

«በነፃ» የሚለውን ቃል ስሰማ ሸራውን ከመደርደሪያ ያወረድኩት እኔው ነኝ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሸራው በጨንቻ ቀርከሃ ተወጥሮ ልጆች በክር እንደሚያበሩት ካይት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጀልባዋን ይጎትታል፣ ዓሣው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ዓሣ የሚገዛው የበረዶ መኪና ጋ ይደርሳል። ጀልባዋ የጋሽ አንጁሎ ነበረች። ጋሽ አንጁሎ ጫሞ ላይ ያረጀ ዓሣ አስጋሪ ነው፤ እሺ ያለን አምኖን ሳይሆን መጨረሻችንን ለማየት ጓጉቶ ይመስለኛል።

ገመዱ ጀልባዋ አፍንጫ ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር የሚያያዘው በላላ ጠለፋ ነበር። ከጠለፋው አንዲት ቀጭን ሲባጎ ትወጣለች። ሲባጎዋን ሳብ ሲያደርጓት ጠለፋው ይፈታና ሸራው ከነገመዱ ይሄዳል። ሚኪያስ ከሁሉም በላይ የሚኮራው በዚህች ነገር ነው። «ይቺን ካልነካችሁብኝ ማንም አይሞትም» ይል ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ ነፋሱ ጠንከር ሲል ሲባጎዋን ሳባት። ሸራዬ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ሲጎተት፣ ሲታጠብ፣ ሲደርቅ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ጠርዙም ተቀደደ። ሚኪያስ በደስታ ጮቤ ረገጠ፣ ጠለፋው ሠርቷላ! እኔ ደግሞ ይሄ ልጅ የሰው ንብረት መጣል ለመደ ብዬ አንጀቴ አረረ።

ለሁለተኛው ጉዞ የወጣነው በሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ የሚመጣበት፣ የኩልፎ ወንዝ ዳር ማንጎ በየመንገዱ የሚረግፍበት ወር። ጠዋት ዳርቻው ላይ ኩርኩፋ፣ የበቆሎ ድብልብላችንን፣ በሽፈራው ቅጠል በላን። ቆሎ የሚያህል ዳጣ ነክቼ ዓይኔ እያነባ ነበር። እነሱ መረቡን ሊያመጡ ሄዱ፤ እኔ ከጀልባዋ ጋር ቀረሁ። ጎንበስ አልኩና ጠለፋውን ፈትቼ እንደ አባቴ አድርጌ አጥብቄ ቋጠርኩት። ሲባጎዋን ቦታዋ ላይ መልሼ አንጠለጠልኳት፤ እንዳይታወቅ። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ደቡብ በኩል አሰገርን። ነጭ ዓሣ ሞላን። ጋሽ አንጁሎ ቀና ብሎ የደቡቡን ሰማይ አየና «ዛሬ ሸራ አትውጣ። ነፋስ ተቆጥታለች» አለ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ከበረታ እንለቀዋለን። ለዚህ እኮ ነው የሠራሁት» አለ ሚኪያስ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። ነጋዴው ምን ይላል እንደማለት ነው። ዓሣውን አየሁና «ቶሎ እንግባ» አልኩ።

ሸራው ሲወጣ ጀልባዋ እንደተገረፈ ፈረስ ተነሳች። ለጥቂት ጊዜ አስደሳች ነበር፤ አልዋሽም። ከዚያ ኋላችን ጠቆረ። ሐይቁ መልኩ ተለወጠና ነፋሱ ከጀርባችን ግድግዳ ሆኖ መጣ። የጀልባዋ አፍንጫ ውሃ መጠጣት ጀመረ። ጫማዬን አውልቄ በሱ ውሃ መቅዳት ጀመርኩ፤ አንደኛው ወዲያው ከእጄ ተነጥቆ ሄደ። የምንሄደው ወደ ወደቡ አልነበረም፤ ኩልፎ ወደሚገባበት ወደ አዞዎቹ ዳርቻ ነበር። ደለሉ ላይ የተጋደሙትን ግንዶች አየሁ። አንዱ ግንድ አፉን ከፈተ።

«አሁን ልቀቀው» አለ ጋሽ አንጁሎ።

ሚኪያስ ሲባጎዋን ሳባት። ባዶዋን መጣች። እጁ ላይ አያት፤ ከዚያ ቀለበቱን አየ።

ከአዞው በላይ የፈራሁት ያችን አስተያየት ነው። ያን ጊዜ «እኔ ነኝ፤ አትንካው፣ በቢላ ቁረጠው» ብል ይበቃ ነበር። ያልኩት ግን «ረጥቦ ይሆናል» ነው።

አመነኝ። በደረቱ ተኝቶ በግራ እጁ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረ። ነፋሱ አንዴ ፋታ ሰጠን፤ ገመዱ ላላ፣ ጣቶቹም በገመዱና በቀለበቱ መካከል ገቡ። ከዚያ ሸራው መልሶ ተወጠረ። የጮኸ አይመስለኝም። ጋሽ አንጁሎ በላዬ ላይ ተሻግሮ በዓሣ ቢላው ገመዱን ቆረጠ፤ ሸራው የረሳው ቀጠሮ ትዝ እንዳለው ሰው ወደ ተራራው ከነፈ። ጀልባዋ ቆመች። ከዳርቻው ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቶን ነበር፤ ግንዶቹ አንድ በአንድ ወደ ውሃው ይንሸራተቱ ነበር። ሽማግሌው እየቀዘፈ፣ እኔ በቀረችው ጫማ ውሃ እየቀዳሁ፣ ሚኪያስ እጁን በሸሚዙ ጠቅልሎ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ወጣን። የቀረችዋን ጫማ የት እንደጣልኳት አላውቅም።

ሰዎች ሚኪያስን ፒክአፕ ላይ ሲጭኑ ጋሽ አንጁሎ ቀለበቱ ላይ የቀረችውን ቁራጭ ገመድ ይዞ መጣ። መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

«ይቺ የተማሪ ቋጠሮ አይደለችም» አለኝ ቀስ ብሎ። «የሸማኔ ልጅ ናት።»

ቁራጯን ኪሴ ከተትኳት።

እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው ነገር አለ። ሰው ያጠፋውን ከደበቀ መዘዙ እሱን ብቻ አይፈልግም፤ ጎረቤቱም፣ ከብቱም ላይ ይወርዳል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አፍ አውጥቶ መናገር። ጋሽ አንጁሎ አልከሰሰኝም። ጀልባውን ደረቅ መሬት ላይ ገልብጦ ቁጭ አለ። በማግስቱ ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር፤ እሱ አልወጣም። በሦስተኛው ቀን ልለምነው ሄድኩ።

«ልጆችህ ምን ይብሉ?» አልኩት።

«ራስህን ጠይቅ» አለኝ። «አንተ ሳትናገር እኔ ውሃ ላይ አልወጣም።»

ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። ሁለት ጣቶቹን ቆርጠውለታል። አልጋው ላይ ደብተር ዘርግቶ በቀኝ እጁ የጠለፋውን ሥዕል ይሥላል፤ ገጽ በገጽ ነው። ሲያየኝ ስሜን ጠርቶ «ካሳ፣ ይቅርታ። ሸራህን አስበላሁብህ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ እየፈለግኩ ነው» አለኝ።

ነገርኩት። አልተቀመጥኩም፤ ቆሜ ነው የነገርኩት።

የሣላቸውን ገጾች ወደ ኋላ ገለጠ። ከዚያ «የኔ ልክ ነበር ማለት ነው?» አለ።

«ልክ ነበር።»

ደብተሩን ዘጋው። «ሸራው እንዳይጠፋብህ ፈርተህ ነው? አቦ ብትነግረኝ ኖሮ ባዶ ጀሪካን አስርበት ነበር፤ ይንሳፈፍልህ ነበር።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «በል ሂድ።»

በማግስቱ ጋሽ አንጁሎ መናገሬን ሲሰማ ጀልባውን አቃንቶ ሐይቁ ላይ ወጣ። ሚኪያስ ሱቄን ዳግመኛ አልረገጠም። ከመመረቁ በፊት አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ በሩቁ አየሁት፤ ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ማንጎውን አስቀምጬ ይሄን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። እስከ ዛሬ ቤተሰቤ የሚያውቀው የጫማውን ወሬ ብቻ ነው። ነፋስን ስፈራ ዓመታት ኖሬያለሁ፤ ደመና ሲጠቁር ዛሬም ሱቄን ቀድሜ የምዘጋው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ነፋሱ የነፋስን ሥራ ነው የሠራው። ልጄ ስልኳን አጠፋችና «ታዲያ ጠቅላላ ኪሳራው ስንት ሆነ?» አለች። የነጋዴ ልጅ ናት።

አንድ ሸራ፣ አርባ ሜትር ገመድ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፤ የእኔ። ሁለት ጣት፤ የሚኪያስ።