ከናሙናው የወጡት ሴት

በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ ሥራ ፍለጋ ብዙ ተንከራትቻለሁ። በመጨረሻ የቀጠረኝ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ አንድ ጥናት ነበር። ከመሃል ከተማ ተነስተው ወደ ዳር ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ኑሯቸውና አእምሯቸው ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚሆን ይከታተላል። የእኔ ሥራ በየዙሩ ያንኑ ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ ያንኑ ጥያቄ መልሼ መጠየቅ ነው። እንቅልፍ ይወስድዎታል? ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ተሰምቶዎት ያውቃል? ቢታመሙ ማን ይደርስልዎታል? መልሱን ታብሌት ላይ ሞልቼ፣ አመስግኜ ወደሚቀጥለው በር አልፋለሁ።

ከእህቴ ጋር ሰሚት ስለምኖር፣ ቅርብ ናት ተብዬ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ ተመደብኩ። ከዋናው መንገድ ወርዶ ጭቃ ወይም አቧራ ነው፣ እንደ ወቅቱ። ግማሹ ብሎክ ሰው ገብቶበታል፤ ግማሹ መስኮት እንኳ አልተገጠመለትም። ሚኒባሶቹ ከመጨረሻው አስፋልት ወዲያ አይሄዱም።

እሳቸውን ያገኘኋቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀጠን ረዘም ያሉ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ሲተኩሱ ኖረዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ የነበረው የቀበሌ ቤታቸው ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጡት።

«ከመንግሥት ነው የመጣሽው?» አሉኝ በሩን ገርበብ አድርገው።

«ከጥናት ነው እማማ። ገንዘቡ ግን የመንግሥት ነው።»

«የምነግርሽን ለማን ትነግሪያለሽ?»

«ለሚመለከተው አካል ይደርሳል» አልኳቸው። እንደዚያ እንድንል ነበር የሰለጠንነው።

«እንግዲያው ግቢ፤ በደንብ ልንገርሽ» ብለው ወንበሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉልኝ።

በደንብ ነገሩኝ። ሰላሳ ደቂቃ ይፈጃል የተባለው ጥያቄ ግማሽ ቀን ወሰደ። ስለ ጎረቤት ስጠይቃቸው፣ «የድሮውን ነው የአሁኑን?» አሉ። በድሮው ቤታቸው ግድግዳው ስስ ከመሆኑ የተነሳ ሲያስነጥሱ ከወዲያ ማዶ «ይማርሽ» የምትላቸው ሴት ነበረች። እሳቸውም መልሰው «ያኑርሽ» ይላሉ። ሁለቱም ከአልጋቸው ሳይነሱ። አሁን ያቺ ሴት ጀሞ ሄዳለች፤ ሌሎቹ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ ተበትነዋል። «እዚህ ግድግዳው ወፍራም ነው» አሉኝ። እንደ ምስጋና ይሁን እንደ ቅሬታ አልገባኝም። ቢታመሙ ማን እንደሚደርስላቸው ስጠይቃቸው ግን የድሮ ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠሩልኝ፤ እኔም ታብሌቱ ላይ «ጎረቤት» የሚለውን ነካሁ።

በሁለተኛው ዙር ስሄድ በሩን የከፈቱት በግራ እጃቸው ነው። ቀኝ እጃቸው በሻርፕ ታስሯል። ውኃው አራተኛ ፎቅ ስለማይደርስ ከታች በጄሪካን ሲያወጡ ደረጃው ላይ አዳልጧቸው ነበር። ማን አነሳዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ይህ ጥያቄ ታብሌቱ ላይ የለም።

«ራሴ ተነሳሁ» አሉኝ። «መጀመሪያ ትንሽ ተቀመጥኩ፤ ሰው ያልፋል ብዬ።»

ያን ዕለት ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ዕድር ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። የድሮው ዕድር ፈርሷል። የአዲሱ ሳይት ዕድር ስብሰባ ላይ ሄደው ነበር፤ የሚያውቁት ሰው ስላልነበረ ከኋላ ተቀምጠው ተመለሱ። በመመሪያችን መሠረት እንዲህ ያለ ሰው ስናገኝ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ስልክ የተጻፈበት ካርድ እንሰጣለን። ሰጠኋቸው። ከዚያ ታች ወርጄ ጄሪካኑን ሞልቼ አወጣሁላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ፤ ማንም ሳይልከኝ። ከቤታችን ሩቅ አይደለም፣ ቅዳሜ ደግሞ ሥራ የለኝም። ውኃ አወጣለሁ፣ ከገበያ የጎደላቸውን አመጣለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እናወራለን።  እጃቸው ከዳነ በኋላም መሄዴን አልተውኩም። የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ የሆነች፣ ከባሏ ጋር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት የስልጤ ወጣት ደረጃ ላይ ስታየኝ፣ «ልጃቸው ነሽ?» አለችኝ። ስልኳን ተቀበልኳት፤ የእኔንም ሰጠኋት።

ሦስተኛው ዙር ደረሰ። ታብሌቴን ይዤ እንደ አዲስ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። ሳቅ አሉ።

«ባለፈው ወር የልብዎትን ያጫወቱት ሰው አለ?»

«አለ።»

«ማን ነው? ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ወይም የሃይማኖት ሰው፣ ወይስ ሌላ?»

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም እማማ።»

«ሌላ በይው እንግዲህ።»

«ሌላ» የሚለውን ስነካ ታብሌቱ ይገለጽ አለኝ። እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ቢሮ ስመለስም ራሴ ገብቼ ለጥናቱ መሪ ነገርኩት። ዶክተሩ ሰው ላይ የሚጮህ ዓይነት አልነበረም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲያሻሽ ቆየ።

«ከናሙናው ይወጣሉ» አለኝ።

«ለምን? እውነቱን ነው የመለሱት።»

«እውነት ነው፤ ግን እውነቱን የሠራነው እኛ ነን። እኛ የምንለካው ያለእኛ የሚኖሩትን ኑሮ ነው። አንቺ በየሳምንቱ እየሄድሽ ብቸኝነታቸውን ልለካ ብትዪ ማን ይቀበልሻል?»

«ታዲያ መሄዴን ልተው?»

«እሱን እኔ ልልሽ አልችልም» አለ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ፣ «እኔም እናት አለኝ» አለኝ። በዚያው ሳምንት የእሳቸው መረጃ ከቋቱ ተሰረዘ።

አልነገርኳቸውም ነበር። መንገርም የሚያስፈልግ አልመሰለኝም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዴ አልቀረማ። ቀጣዩ ዙር ሲመጣ ግን ባልደረባዬ እዚያው ብሎክ ላይ ሥራ ጀመረ። ታብሌቱን ይዞ በር ለበር ሲያንኳኳ በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩታል። ቤት አጽድተው፣ ልብስ ቀይረው ተራቸውን ሲጠብቁ ውለዋል። ቅዳሜ ስደርስ ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ።

«የኔ ተራ አለፈ እንዴ?»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ከጥናቱ መውጣታቸውን፣ የወጡትም እኔ ስለምመጣ እንደሆነ፣ ያ ደግሞ ውጤቱን እንደሚያዛባ በማውቀው ቋንቋ ሁሉ አስረዳሁ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በጥሞና ሰሙኝ።

«እስካሁን የነገርኩሽስ?»

«ተሰርዟል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

 «እንግዲያው አትምጪ» አሉኝ። «አትምጪና ይመልሱኝ።»

የተቆጡ አልመሰሉም። ሊያስረዱኝ ነበር የፈለጉት። ሰፈራቸው ሊፈርስ ሲል ስብሰባ ተጠርተው ነበር፤ እጃቸውን አውጥተው ሳይደርሳቸው ስብሰባው አለቀ። ወደ ወረዳ ሄዱ፤ ነገ ተባሉ። እዚህ ከገቡ በኋላ ስለ ውኃው ሊያመለክቱ ሄደው ቢሮው ተዘግቶ አገኙት። በዕድሜያቸው ቤታቸው ድረስ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ እንዴት ነዎት ብሎ መልሳቸውን የመዘገበ የመንግሥት ሰው ያ ጥናት ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ የተናገሩት አንድ ቦታ ተቀምጧል ብለው ያምኑ ነበር።

«አንቺ ውኃ ታወጪልኛለሽ፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «ውኃ ግን ሌላ ሰውም ያወጣል።»

ሰኞ ዕለት ዶክተሩን ለመንኩት። የወጣ ሰው እንደማይመለስ አውቅ ነበር፤ እሱም ያንኑ ነገረኝ። መልሱን ይዤ ቅዳሜ ስሄድ በሩን ከፈቱልኝ፣ ሻይ አፈሉልኝ፣ ስለ እህቴ ጠየቁኝ። ስለ ራሳቸው ግን የሚያወሩት ነገር እየቀነሰ ሄደ። ደህና ነኝ ይላሉ። እንቅልፍስ ስላቸው፣ ደህና ነው። ልክ ለእንግዳ እንደሚባለው።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ ላይ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ሳልሄድ የቀረሁበት ቅዳሜ ነበረ። ደውዬላቸው ጉንፋን ይዞኛል አሉኝ። ድምፃቸው የጎላ ነበር፤ ብዙም አላሳሰበኝም። በሚቀጥለው ሳምንት ረፋድ ላይ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት ደወለች። ከበራቸው ሥር የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ የክፍያ ወረቀት እንደተቀመጠ መሰንበቱን አይታ፣ ብታንኳኳ የሚከፍት አጥታ፣ ለጥበቃዎቹ ነግራ በሩን ሰብረውት ነበር።

ስደርስ ነጠላ አልብሰዋቸዋል። አልጋቸው ላይ ነበሩ። መቼ እንደሞቱ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። «ሁልጊዜ ሰላም እላቸዋለሁ እኮ» አለችኝ። «ሁልጊዜ ደህና ነኝ ይሉኛል።»

የዕድር ድንኳን አልነበረም። የጎረቤቷ ባል ሱቁን ዘግቶ ነጋዴ ጓደኞቹን ጠራ። ከአራተኛ ፎቅ በዚያ ጠባብ ደረጃ አስከሬኑን ያወረዱት እነሱ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ ለእኔና ለጥቂት ሰዎች አስረክበው እነሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁ። የድሮ ጎረቤቶቻቸው ሦስት ታክሲ እየቀየሩ፣ ብሎኩን ማግኘት አቅቷቸው ሲዞሩ ቆይተው የደረሱት ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነበር። አንዲት አሮጊት አፈሩ ላይ ተደግፈው፣ «ስስቅ ሳስነጥስ ትሰማኝ የነበረች» እያሉ ሲያለቅሱ የጀሞዋ ጎረቤት እንደሆኑ ገባኝ። ቀርቤ ልንገራቸው የምፈልገው ብዙ ነበር፤ ክንዳቸውን ይዤ ደገፍኳቸው።

የጥናቱ ውጤት የቀረበው በተከታዩ ዓመት ቦሌ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ከፊት ተቀመጡ። ዶክተሩ ስክሪኑ ላይ መስመር አሳየ፤ በመጀመሪያ ዙር ዝቅ ብሎ ይነሳና በየዙሩ ከፍ ይላል። ሰዎች በአዲሱ መኖሪያቸው ማኅበራዊ ድጋፍ እያገኙ፣ እየለመዱ መሄዳቸውን ያመለክታል ተባለ። ተጨበጨበ። እኔ እነዚያን በሮች አውቃቸዋለሁ። መስመሩ ከፍ ያለው ሁሉም ስለተሻላቸው አልነበረም። እጅግ የከፋቸው ቤቱን አከራይተው ሄደዋል፣ ወይም በር አልከፍትም ብለዋል፣ ወይም ሞተዋል። በመጨረሻው ዙር የሚጠየቁት የቀሩት ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ ደህና ናቸው።

በሻይ ሰዓት ይህንኑ ለዶክተሩ ነገርኩት። «ትክክል ነሽ» አለኝ። «የጥናቱ ውሱንነት በሚለው ክፍል ውስጥ ጽፌዋለሁ።» እውነቱን ነው፤ በኋላ አነበብኩት። አንዲት ንጹሕ አንቀጽ ናት፣ ከማጣቀሻዎቹ በፊት። ከፊት ከተቀመጡት መካከል እዚያ ገጽ ድረስ የዘለቀ ይኖር እንደሆን አላውቅም። ቀጣዩ ጥናት ገንዘብ ተፈቅዶለት ሥራዬን ቀጠልኩ፤ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ሌላ የምችለው ሙያም የለም።

ከአዳራሹ ስብሰባ ጥቂት ወራት በኋላ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለልኝ። ቤሩት ያለችው ልጃቸው ነበረች። ስልኬን የሰጠቻት የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት ናት። አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ስለያዙባት ለቀብር መምጣት አልቻለችም። አመሰገነችኝ፣ ብዙ ጊዜ አመሰገነችኝ፤ ከዚያ የደወለችበትን ነገር ተናገረች።

«እማዬ አንድ ጊዜ እየቀዱኝ ነው ብላኝ ነበር። በድምፅ። እውነት ነው?»

እውነት ነበር። ከጥቂት ተሳታፊዎች ጋር ከመደበኛው ጥያቄ በተጨማሪ ረዘም ያለ ጭውውት በመቅረጫ ወስደናል፤ እሳቸውም አንዷ ነበሩ።

«እሱን ልትልኪልኝ ትችያለሽ? ስልኬ ተሰብሮ የድሮው ሁሉ ጠፍቶብኛል። ድምጿ የለኝም።»

ጠብቂኝ አልኳት። ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ጉዳዩን ስነግረው ሥራውን አቁሞ፣ ራሱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ፣ መጠባበቂያውንም ሳይቀር ከእኔ ጋር ፈለገ። የተሳታፊዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ድምፁ ወደ ጽሑፍ እንደተገለበጠ ይጠፋል፤ ጽሑፉም ከናሙናው ሲወጡ አብሮ ጠፍቷል። ደንቡ የወጣው እሳቸውን ለመጠበቅ ነው። «በጣም ይቅርታ በያት» አለኝ፤ ፊቱ ላይ የምር ሐዘን አየሁ።

ስትደውል ነገርኳት።  የማስታውሰውን ልንገርሽ አልኳት፤ ሆቴሉን፣ ግድግዳውን፣ ይማርሽ የምትላቸውን ሴት። እየሰማችኝ አልመሰለኝም።

«ስለ እኔስ ምን ትል ነበር?» አለችኝ።

ልዋሻት አልፈለግኩም። «ስትደውል ደህና ነኝ እላታለሁ ብለውኛል። እሷም ደህና ነኝ ትለኛለች፤ ሁለታችንም አንተማመንም አሉ።»

ከጀርባዋ አንዲት ሴት በዐረብኛ ጠራቻት። ልጅቷ አቤት ብላ መለሰችና ወደ እኔ ተመልሳ በቀጭን ድምፅ፣ «መሄድ አለብኝ፣ እደውልልሻለሁ» አለችኝ። እስካሁን አልደወለችም።